ወይዘሮ ብዙነሽ ዘርአ ዳዊት፣ የመኪናና የጀልባ ወንበር ሰፊዋ (1954–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ብዙነሽ ከአባታቸው ከአቶ ዘርአ ዳዊት ወልደአረጋይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ኪዳነ ማርያም በ1954 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ተከታያቸው ወንድማቸው አቶ ቃለ አብ ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። ይህን ታሪክ የጻፍሁት እኔ የአቶ ቃለ አብ ልጅ ሰላም ነኝ። አባቴ እንድጽፍ ሲያዙኝ «በእኔና በእህቴ መካከል የሆነውንም ጻፊው፤ ለእኔ ብለሽ የምታስቀሪው ነገር እንዳይኖር» ብለውኛል። እኔም እንዳሉኝ አድርጌአለሁ።

ወይዘሮ ብዙነሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአንኮበር ካጠናቀቁ በኋላ ደብረ ብርሃን ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ የመማር ፍላጎት ነበራቸው። ይሁን እንጂ አባታቸው በመታመማቸውና ለቤቱ ደጋፊ በመጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. በከተማዋ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥረው በስፌት ክፍል ጠርዝ መስፋት ጀመሩ። አባቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱት በዚህ የእህታቸው ደመወዝ ነው።

በ1977 ዓ.ም. በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መካከል ሕዝብ ያመላልሱ ከነበሩት ሾፌር ከአቶ ፍቃዱ ማኅደረማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሕይወት የተባለች ሴት ልጅና ብሩክ የተባለ ወንድ ልጅ ወልደዋል። አቶ ፍቃዱ ሳቂታና ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ ወይዘሮ ብዙነሽ ደግሞ ዝምተኛ። ጎረቤቶቻቸው በዚያ ቤት ውስጥ ክፉ ቃል ሲወጣ ሰምተው አያውቁም።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት አቶ ፍቃዱ ተሳፋሪ ጭነው ከአንኮበር ሲመለሱ፣ ጉም በሸፈነው መንገድ ላይ መኪናቸው ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኛች። ፍጥነት ስላልነበራት ከተሳፋሪዎቹ ክፉኛ የተጎዳ አልነበረም። የሾፌሩ ወንበር ግን ከነእግሩ ከወለሉ ተነቅሎ ስለወደቀ አቶ ፍቃዱ የጀርባ አጥንታቸው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጡም፤ ያለ ክራንችም መራመድ አልቻሉም። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ለባለቤታቸው «መኪናዋማ ቀስ ብላ ነው የተኛችው፤ እኔን የጎዳኝ ወንበሩ ነው» አሏቸው።

ወይዘሮ ብዙነሽ ይህን እንደሰሙ መኪናዋ ወደቆመችበት ጋራዥ ሄዱ። ወንበሩ ገና አዲስ ቀይ ሌዘር የለበሰ ነበር። ገልብጠው ሲያዩት እግሩ ዝጓል፤ ብሎኖቹ የታሰሩበት ብረትም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ያለበሰው ሰው ይህን ሳያይ እንዳልቀረ ወዲያው ገባቸው። ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ቆመው እንዳለቀሱና ያስለቀሳቸውም ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ እንደነበር ለልጆቻቸው ይነግሯቸው ነበር።

በጊዜው ደብረ ብርሃን ውስጥ በታፒሴሪ፣ ማለትም የመኪና ወንበርና ኮርኒስ በማልበስ ሥራ የታወቁት የአሊዩ አምባ ተወላጅ አቶ ኢስሀቅ ነበሩ። ወይዘሮ ብዙነሽ ከፋብሪካ ሲወጡ ወደ እርሳቸው ሱቅ እየሄዱ ሥራውን መማር ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. ፋብሪካውን ለቀው ሙሉ በሙሉ ከአቶ ኢስሀቅ ጋር መሥራት ቀጠሉ። ሴት በዚህ ሙያ ላይ መታየቷ ያልተለመደ ስለነበር አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «እኚህ ሴትዮ ናቸው እንዴ የሚሰፉልኝ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አቶ ኢስሀቅ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ወላሂ፣ እሷ ካልሰፋችልህ እኔም አልሰፋልህም» ብለው መለሱለት። ሾፌሩ ትንሽ አንገራግሮ ቁልፉን ሰጠ። ያ ሰው ዛሬ ከቀባሪዎቹ መካከል አለ።

የወይዘሮ ብዙነሽን አሠራር የማያውቅ ባለመኪና በከተማው ጥቂት ነው። ወንበር ሲመጣላቸው ልብሱን ከመንካታቸው በፊት ገልብጠው እግሩን፣ ብሎኑንና ብየዳውን ያያሉ። የዛገ ካገኙ ባለቤቱን ጠርተው ያሳዩታል፤ ብየዳ ቤት ወስዶ ካላሠራው አይነኩለትም። አሮጌውን ልብስ በመቀስ አይቀዱትም፤ ስፌቱን በምላጭ እየተረተሩ በየቁራጩ ጀርባ የት ቦታ እንደነበረና ፊቱ ወዴት እንደሆነ በጠመኔ ይጽፉበታል። አዲሱ ልብስ የሚቆረጠው ያንን ይዘው ነው። ነገር ግን አሮጌ ልብስ በመቀመጥ ብዛት ስለሚለጠጥ፣ በእርሱ ልክ ብቻ የቆረጠ ሰው ወንበሩ እንደሚሸበሸብበት ያስጠነቅቁ ነበር። ስለዚህ ስፖንጁን ለብቻው ይለካሉ። በደቀቀ ስፖንጅ ላይ አዲስ ሌዘር ማልበስን ከማታለል ለይተው አያዩትም ነበር። ሌዘሩንም ከመወጠራቸው በፊት ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያሞቁታል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ያደረቀው ሌዘር በግድ ሲወጠር ይሰነጠቃልና።

በንግዱም የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ናሙና ለደንበኛ የሚያሳዩት ደጅ አውጥተው ነው፤ በመብራት የተመረጠ ቀለም ኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል ይሉ ነበር። የማያደርሱበትን ቀን አይቀጥሩም። ሥራ ሲበዛባቸው መኪና ተቀብለው ደጃቸው ከሚያቆሙ ይልቅ ደንበኛውን ወደ ሌላ ሰፊ ይልኩት ነበር። እንዲህ ተልኮ የሄደው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ ወደ እርሳቸው ይመጣል።

አቶ ኢስሀቅ በ1997 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊት ልጃቸውን ወይዘሮ ሰሊሃንና ወይዘሮ ብዙነሽን ጠርተው «ሱቁ የሁለታችሁ ነው፤ አደራ፣ አትለያዩ» አሏቸው። አልተለያዩም። ወይዘሮ ሰሊሃ ልብሱን ይቆርጣሉ፤ ወይዘሮ ብዙነሽ ይሰፋሉ። በረመዳን ከባድ ከባዱን ሥራ ወይዘሮ ብዙነሽ ይይዛሉ፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ወይዘሮ ሰሊሃ።

አሁን አባቴ እንዳይቀር ወዳሉት ነገር እመጣለሁ። በ2003 ዓ.ም. አባቴ ሚኒባሶች ገዝተው በደነባ መስመር አሰማርተው ነበር፤ ከሱቁም ደንበኞች ትልቁ እርሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ወደ እህታቸው መጥተው «ብዙዬ፣ በየመኪናው አንድ መደዳ ወንበር ጨምሪልኝ» አሏቸው።

«የት ላይ?»

«የነበሩትን አጠጋጊያቸው፤ ቦታ ይገኛል።»

«ቦታማ ይገኛል። የሚታሰርበት ብረት ነው የሌለው፤ ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው።»

«ሰው ሁሉ እያሠራ አይደል እንዴ? አንቺ ብቻ ምን ሆነሻል?»

«እኔ አልሠራውም፣ ቃለ አብ። ቤት ሂድና ፍቃዱን እየው።»

አባቴ ይህ በሾፌሮቻቸው ፊት ስለተነገራቸው እንደ ውርደት ቆጠሩት። መኪኖቻቸውን በሙሉ ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ፤ ወዳጆቻቸው የሆኑ ባለመኪኖችም ተከተሏቸው። የተጨመረው ወንበር ሌላ ቦታ ተሠራ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ወንበር የተነሳ ምንም አደጋ አልደረሰም። ወይዘሮ ብዙነሽ መኪኖቹ በሰላም መግባታቸውን በሰሙ ቁጥር «ተመስገን» ይሉ ነበር፤ ከልባቸው ነበር የሚሉት። ሁለቱ ግን ሰላምታ አቆሙ። እናታቸው ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ባረፉ ጊዜ እንኳ በአንድ ድንኳን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተቀምጠው ነው ሐዘንተኛ የተቀበሉት።

ሱቁ ሥራ አጣ። ወይዘሮ ሰሊሃ «እትዬ፣ ወንድምዎ እኮ ናቸው፤ ትንሽ ቢለሳለሱላቸውስ?» ብለው ቢለምኗቸው «ለእሱማ ሁልጊዜ ልቤ ለስላሳ ነው፤ ሥራው ነው የማይሆነው» ብለው መለሱ። ሁለቱ ሴቶች የሆቴል ሶፋ እየጠገኑ፣ ለጭነት መኪና ሸራ እየሰፉ ያን ጊዜ አሳለፉት።

በዚሁ የችግር ጊዜ በወሎ ሐይቅ ከተማ የመዝናኛ ጀልባ ያላቸው አቶ ሰላሀዲን ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ሱቁን አይተው ገቡና የጀልባቸውን ወንበር እንዲያለብሱላቸው ጠየቁ። ወይዘሮ ብዙነሽ ጀልባ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ወንበሮቹን እንደ መኪና ወንበር አሳምረው ሰፍተው ሰጡ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አቶ ሰላሀዲን ደውለው «እትዬ፣ ወንበሮቹ ሸተቱ» አሏቸው። ወይዘሮ ብዙነሽ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ሐይቅ ድረስ ሄዱ። አንዱን ፈተው ሲያዩ ውሃ በስፌቱ ቀዳዳ ገብቶ ስፖንጁ ሻግቷል፤ የታችኛው ጣውላም አብጧል። «የሠራሁልህ የመኪና ወንበር ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደገና እሠራዋለሁ» አሉና ወንበሮቹን አስጭነው ይዘዋቸው ተመለሱ።

ሁለተኛውን ሲሠሩ ሰው ከሚቀመጥበት ፊት ላይ ስፌት አስቀሩ፤ መጋጠሚያውን ሁሉ ወደ ጎን አወረዱት። ከሥሩ በሌዘር ፋንታ ወንፊት መሰል ጨርቅ አደረጉለት፤ የገባ ውሃ በዚያ እንዲወጣ። የጥጥ ክር ትተው በማይበሰብስ ክር ሰፉ፤ የማይዝግ ሚስማርም ፈልገው አስመጡ። አቶ ፍቃዱ ቤት ተቀምጠው ክሩን በሰም እያሹ ያዘጋጁ ነበር። መሪ ከለቀቁ ወዲህ እጃቸው ሥራ ያገኘው ያኔ ነው፤ «እኔ እኮ አሁን የመርከብ ሰው ሆኛለሁ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ወንበሮቹ ክረምትና በጋ ችለው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ዳርም ከሐዋሳም ጀልባ ያላቸው ሰዎች ወደ ደብረ ብርሃን ወንበር መላክ ጀመሩ፤ ሱቁም በዚሁ ሥራ አገገመ።

በ2010 ዓ.ም. እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በደነባ መምህርት ሆኜ ተመደብሁ። ሰኞ ሰኞ የምሄደው በአባቴ ሚኒባስ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። አባቴ ግን እኔ ገና ሳልሳፈር ያንን መኪና ራሳቸው ነድተው ወደ እህታቸው ሱቅ ሄዱ። ይህን የሰማሁት ከሁለቱም ነው፤ የነገሩኝም አንድ ዓይነት ነው።

አባቴ ደጁ ላይ ቆመው «የተጨመረውን ንቀይልኝ» አሉ።

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ሰላም ደነባ ደረሳት። ልጄ ልትቀመጥበት ነው።»

ወይዘሮ ብዙነሽ መርፌያቸውን አስቀምጠው ወንድማቸውን አዩአቸውና «እስከ ዛሬ የተቀመጡበትስ የማን ልጆች ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ። ወይዘሮ ብዙነሽም ያን ንግግር አልደገሙትም። «ሰሊሃ፣ መፍቻውን አምጪልኝ» ብለው ወንበሩን ከወንድማቸው ጋር አብረው ነቀሉት። ምሳቸውንም እዚያው ሱቅ ውስጥ አብረው በሉ። አባቴ በተከታዩ ሳምንት ሌሎቹንም መኪኖች አምጥተው እንዲሁ አስነቀሉ። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው ድረስ ሁለቱ ሳይተያዩ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው።

አቶ ፍቃዱ በ2012 ዓ.ም. አረፉ። ወይዘሮ ብዙነሽ ባለቤታቸውን ለረጅም ዓመታት ሲያነሱና ሲያስተኙ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልተሰሙም። ከዚያ በኋላም ሥራቸውን ሳያቋርጡ ለበርካታ ሴቶች ሙያውን አስተምረዋል፤ አንዳንዶቹ ዛሬ የራሳቸው ሱቅ አላቸው።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። በደብረ ብርሃን ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ ቢላኩም መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ጥቂት ጊዜ መጠበቅ ግድ ሆነ። በተከፈተ ጊዜ ወንድማቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ሕመሙ የጉበት ካንሰር መሆኑና የመዳኛው ጊዜ ማለፉ ሲነገራቸው «እንግዲያውስ ወደ ቤቴ መልሱኝ» አሉ። በቤታቸው ሆነው ንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፤ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ወይዘሮ ሰሊሃ ከአልጋቸው ሥር ሳይለዩ አስታመሟቸው፤ ልጃቸው ሕይወት ሲደክማት እርሳቸው ይተኳት ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረት ሥርዓተ ቀብራቸው በትውልድ ቦታቸው በአንኮበር በቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው ይህ ጽሑፍ እንደሚነበብ ስለሚያውቁ አስጠሩኝ። ስለ ራሳቸው የሚጻፈውን አልጠየቁም። «መጨረሻ ላይ የተረፉትን ሰዎች ስም ትጽፊ የለም?» አሉኝ። አዎን አልኋቸው። «ሰሊሃን ከልጆቼ ጋር ጻፊያት። ጓደኛ ብለሽ እንዳትለያት» አሉኝ።

ስለዚህ ወይዘሮ ብዙነሽ ዘርአ ዳዊት ልጆቻቸውን ሕይወትን፣ ብሩክንና ሰሊሃን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አቶ ቃለ አብን፣ እኔንም የወንድማቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል።

የሰውን ልፋት የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለልጆቻቸውና ለወንድማቸው እንባን የሚያብስ መጽናናት ይላክልን። አሜን።