ለእርጥብ መሬት ማኅበረሰብ ክብር ሲባል ስለታገደችው ልጅ

ለተከበሩ የምናባዊ ጠረጴዛ ጨዋታዎች ማኅበር የደንብ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ደንብ መጽሐፍዎ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ሳይሆን የጸና እንዲሆን፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ደኅና ውሎ ደኅና እንዲያድር ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የመኪና መንዳት አሰልጣኝ እንጂ ተጫዋች አይደለሁም፤ ስለ ጨዋታው የማውቀው አብራኝ ከምትኖረው ከእህቴ ልጅ የሰማሁትን ነው። አምስት ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ በምናቡ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ተራኪው ታሪኩን ይመራል፤ በሩ ይከፈት እንደሆነ፣ ዘንዶው ይሙት እንደሆነ ቁጥር የተጻፈባቸው ጠጠሮች ተወርውረው ይፈርዳሉ። ይህን ለመሰለ ንጹሕ መዝናኛ ኮሚቴዎ ስለሚደክም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያለኝ ቅሬታ ጥቂት ነው፤ እንዳይሰለችዎም በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ. በመጽሐፍዎ ውስጥ በረግረግ ዳር የሚኖሩ «ጭቃ አደሮች» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ስለ እነሱ የተጻፈውን እንዳለ ልጥቀስልዎ፤ «ጉልበታቸው ብርቱ፣ አእምሯቸው ግን ዝግ ያለ ነው፤ ሲስቁ ጎረቤት ይሰማል፤ ሲናገሩ የቃሉን መጨረሻ ይውጣሉ፤ በእጃቸው የተገኘ ዕቃ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ብልህነት ነው።» በዚህ ላይ ከማስተዋል ሁለት ነጥብ ይቀነስባቸዋል፤ ማንበብም አይችሉም። ይህን ክለቧ በሚጫወትበት የወጣቶች ማዕከል የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ተራዋ ደርሶ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያነበበችው የእህቴ ልጅ ናት። እኛ ቤተሰቦቿ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ከዝቅተኛው ሰፈር የመጣን ሰዎች ነን፤ ስንስቅ ጎረቤት ይሰማል፤ የቃሉንም መጨረሻ እንውጣለን። እኔ አሰልጣኝ ስሆን መጨረሻውን መጥራት ተምሬያለሁ፤ ተማሪዬ ቀይ መብራት ሲጥስ ግን ተመልሼ እውጠዋለሁ። ልጅቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ጠጠራቸውን ማየት ጀመሩ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አነበበች። ጸሐፊዎ እኛን በአካል ሳያውቀን እንዲህ ጥንቅቅ አድርጎ ስለሳለን እናመሰግናለን። በእጃችን ስላለው ዕቃ ግን ደረሰኝ አለን።

፪ኛ. የማዕከሉ ተራኪ፣ በሙያው ፋርማሲስት የሆነው ጨዋ ወጣት፣ በዚህ ጉዳይ አቤቱታ አቀረበ። ኮሚቴዎም ችላ አላለውም፤ ተሰበሰበ፣ ተወያየ፣ ወሰነ። መጽሐፉ የሰዎቹን ወገን የሚጠራበት «ዘር» የሚለው ቃል ወጥቶ «ዝርያ» ገባ። ዝርያ ለከብት ይመስላል ተባለና እሱም ወጥቶ «መነሻ» ተተካ። ጭቃ አደሮችም መጀመሪያ «የረግረግ ነዋሪዎች»፣ ቀጥሎ «የእርጥብ መሬት ማኅበረሰብ» ለመባል በቁ፤ ከዚህ ሹመት በኋላ ደግሞ ምን እንደምንባል ለማወቅ ጓጉቻለሁ። ሁለቱ ነጥቦች የት ገቡ ያሉ እንደሆነ፣ ከፊተኛው ገጽ ተነሥተው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል «የመነሻ ማስተካከያ» ተብለው ተቀምጠዋል። ማንበብ የሚከለክለውም አብሯቸው አለ። እኔ በሥራዬ ፍሬኑ የማይዝ መኪና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲመጣልኝ አይቻለሁ፤ ቀለሙን አድንቄ ቁልፉን መልሻለሁ።

፫ኛ. ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ልጅቱ ያን ገጽ ባነበበችበት ቀን ፋርማሲስቱ «ይህን ገጽ እንዝለለው» ቢላት፣ ልጅቱ ጭቃ አደር ካልሆንኩ ብላ ድርቅ አለች። ቁስል የምታክም፣ ማንበብን ተደብቃ የተማረች የረግረግ ሴት ፈጠረች፤ ፋርማሲስቱም ደንቡን አይቶ እንዳላየ አለፈላት። ትምህርት ቤት በአነጋገሯ ስለሚስቁባት ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት ያለፈ ቃል አይወጣትም ነበር። ያው አነጋገር ጠረጴዛው ላይ የሐኪሟ አነጋገር ሆነ፤ ሰውም ጸጥ ብሎ ያዳምጣት ጀመር። ቤት ስትመለስ ሐኪሟ ማንን እንዳዳነች፣ ማንን እንዳታለለች ስታወራልኝ ምድጃ ላይ የጣድኩት ያርርብኛል። እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት እናቷ ለሥራ ርቃ ከሄደች ወዲህ ያኔ ነው።

ታዲያ የክለቦች ውድድር ደረሰና ታሪኩ አንድ የተዘጋ በር ላይ ቆመ። በሩ ላይ ጽሑፍ አለ። ሐኪሟ ላንብበው ስትል፣ ከኮሚቴዎ የተላኩት ዳኛ እጅግ በሚያስመሰግን ትሕትና መነሻዋ ማንበብ እንደማይፈቅድላት አስረዱ። የእህቴ ልጅም «ማንበብ ያልቻልኩት እኔ ነኝ ወይስ ዘሬ?» ብላ ጠየቀች። ዳኛው ደነገጡ። ያስደነገጣቸው ግን ጥያቄው አልነበረም፤ ቃሉ ነበር። በአዲሱ ደንብ የተሻረውን ቃል ጠረጴዛ ላይ የተናገረ ለአንድ ዓመት ይታገዳልና፣ ልጅቱ አዳራሹ ሙሉ ሰው እያያት ከወንበሯ ተነሥታ ወጣች።

የእገዳው ምክንያት «የእርጥብ መሬት ማኅበረሰብን ክብር የሚነካ ቃል በመጠቀም» ይላል። በዚህ አንቀጽ እስካሁን ስንት ሰው እንደታገደ ጽሕፈት ቤትዎን በስልክ ብጠይቅ፣ እሷ ብቻ ናት አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ኮሚቴዎ እኛን ከስድብ ሊጠብቅ ወጥመድ ዘረጋ፤ የያዘውም እኛኑ ነው። መቼም ለክብራችን እንዲህ የተጨነቀልን የለም።

፬ኛ. እገዳው እንዲቀልላት «የተጎዱትን ወገኖች» ይቅርታ እንድትጠይቅ ጋብዛችኋታል። «ማንን ነው የምጠይቀው?» አለችኝ። መስተዋት ፊት ቁሚ ከማለት በቀር ሌላ አድራሻ አላገኘሁላትም። ከዚህም አልፎ እሷ ጠረጴዛው ላይ ከታየች ክለቡ በሙሉ ከፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻ ውድድር እንደሚሰረዝ አስታውቃችኋል። ጓደኞቿ ፋርማሲስቱን አስከትለው ቤታችን ድረስ መጡና «ወንበርሽን ባዶ አድርገን ከምንጫወት ብንባረር ይሻለናል» አሏት። እሷም በሩን ገርበብ አድርጋ «እናንተ ተጫወቱ፤ እኔ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» አለቻቸው። ሥራ የላትም። ከሄዱ በኋላ የታጠበውን ሳህን መልሳ ስታጥብ አይቻታለሁ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋነቴን እንደጠበቅኩ ተስፋ አደርጋለሁ። ቢሆንም ሳልነግርዎ መዝጋት አልቻልኩም፤ ተናድጃለሁ፣ ከመናደዴም ይልቅ ፈርቻለሁ። ልጅቱ እንደገና ዝም ብላለች። እራት ላይ አንድ ነገር ስጠይቃት የቃሉን መጨረሻ እየጎተተች፣ እየተጠነቀቀች፣ እንደ ዜና አንባቢ ጥርት አድርጋ ትመልስልኛለች። የገዛ አክስቷን እኔን እንዲህ ታናግረኛለች።

ስለዚህ ቅዳሜ ሳይደርስ እገዳዋ እንዲነሣና ክለቧም በሰላም እንዲጫወት በትሕትና እለምናለሁ። ሁለቱን ነጥቦችና የንባብ ክልከላውንም ከተደበቁበት አውጥቶ መሰረዝ ለእርስዎ የአንድ እስክሪብቶ ጭረት ነው። ስሙን ግን እንደፈለጋችሁ ጥሩት፤ እኛ በብዙ ስም መጠራት ለምደናል።

ቃላትን በመለዋወጥ ላሳዩት ትጋት ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ይህን ጽሑፍ «ስሞታ» ማለት ቅር የሚያሰኝዎ ከሆነም «ገንቢ አስተያየት» ብለው እንዲያስቀምጡት ሙሉ ፈቃዴ መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የታገደችው ልጅ አክስት፣
የመኪና መንዳት አሰልጣኝ፣
በቀድሞ አጠራር ጭቃ አደር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልከት ስል ከማስታወቂያ ክፍልዎ ስልክ ተደወለልኝ። በውድድሩ ጠዋት፣ ገና ጨዋታው ሳይጀመር፣ የእህቴ ልጅ ጠጠር በእጇ ይዛ ስትስቅ የተነሣችው ፎቶ በጣም ስላማረ ለአዲሱ እትም ሽፋን እንዲሆን ፈቃዳችንን ጠየቁ። ከሥሩ «ለሁሉም ወንበር አለ» ተብሎ ይጻፋል አሉ። የደወሉት ትሑት ሰው መታገዷን አልሰሙም። ስልኩን ሳልዘጋ ልጅቱን ጠርቼ ነገርኳት። የቃሉን መጨረሻ እንደ ድሮዋ ውጣ፣ «ፎቶዬ ሲገባ እኔም አብሬው መግባት እችላለሁ?» አለች። የደወሉት ሰው ይህን የሚወስነው የደንብ ኮሚቴው ነው አሉ። ጥያቄውን ለእርስዎ ልኬዋለሁ።