ማክሮው ያላያቸው አሥራ ሰባት ቤቶች

ይድረስ ለተከበሩ የወረዳችን የዘር ስርጭት መረጃ ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ወንበርዎም ኮምፒውተርዎም ደኅና ናቸው? እኛ ከሊማሊሞ አፋፍ ያለን የዋልካ ሜዳ ጎጥ ገበሬዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዘር በቀር የጎደለብን የለም። የምጽፍልዎም ለምስጋና ነው።

፩ኛ. የአሥራ ስምንታችንን ስም በኤክሴል ሲመዘግቡ፣ የጎጣችንን ስም በየመስመሩ ከመደጋገም ይልቅ አሥራ ስምንቱን ሳጥን ወደ አንድ አዋሕደው መሐሉ ላይ አሳምረው ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ሲያዩት ያምራል።

፪ኛ. ከዚያ ዘሩን የሚደለድለውን፣ ማክሮ የሚሉትን ትእዛዝ ስላስነሡልን። ደባርቅ ኮምፒውተር ቤት የምትሠራው የወንድሜ ልጅ ሶልያና እንዳስረዳችኝ፣ ሳጥኖች ሲዋሐዱ ጽሑፉ የሚቀመጠው በመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የቀሩት ለእኛ ዓይን የሞሉ ይምሰሉ እንጂ ለማክሮው ባዶ ናቸው። ስለዚህ ከአንደኛው በታች ያለነውን አሥራ ሰባት ቤቶች ጎጥ የላቸውም ብሎ ሰረዘን። በአያቶቼ መሬት ላይ ቆሜ መኖሪያ እንደሌለኝ ከማስታወቂያ ሰሌዳ አነበብኩ፤ ጉድ እኮ ነው!

፫ኛ. በእኛ ዘንድ ስም ሲመዘገብ ካህንና ሽማግሌ ይቀድማል። እናም ዘር የደረሳቸው፣ ማረስ ከተዉ ዐሥር ዓመት ያለፋቸው የሰማንያ ስድስት ዓመቱ አባ ወልደ ገብርኤል ብቻ ሆኑ። እሳቸውም አፍረው ያችኑ ሃምሳ ኪሎ የገብስ ዘር በጣሳ እየሰፈሩ ለአሥራ ሰባት ቤት አካፈሉ። የእኔ ድርሻ የማሳዬን ጥግ እንኳ አልሸፈነም። ሰኔ እያለቀ ነው፤ የቀረው መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው፤ ልጆቼን ምን እንደማበላ አላውቅም።

፬ኛ. አቤት ባልን ቁጥር ጥፋቱ የሲስተሙ ነው ብለው በትሕትና ስለሸኙን። ሶልያና ግን መፍትሔው አንድ መስመር ነው ትላለች፤ ማክሮው ባዶ ሳጥን ሲገጥመው የተዋሐደ እንደሆነ አጣርቶ፣ ወደ መጀመሪያው ሳጥን ወጥቶ እንዲያነብ ማዘዝ ነው። እኛ ለአቤቱታ ሦስት ጊዜ አቀበት ወጥተን ወርደናል። የእርስዎ ማክሮ ጥቂት ሳጥን ወደ ላይ መውጣት ከበደው።

ዕድሜና ጤና፣ ከተቻለም ጥቂት ማስተዋል እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የሺወርቅ አገኘሁ
ኮምፒውተርዎ የማያውቃት ገበሬ

ማስታወሻ፦ በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ የጠሩን በዚያው ዝርዝር ነበር። ያኔ ከአሥራ ስምንታችን አንድም ሰው አልጠፋብዎትም፤ ከስሜ ጎን ተጽፎ የቀረው፣ አምና ያረፈው ባለቤቴ ይግዛው እንኳ ከሥራ ቀርተሃል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለታል። እባክዎ፣ ያን ጊዜ የተጠቀሙበትን ማክሮ ይፈልጉልን።