የሠርግሽ ወይን

ከአልዛስ፣

ልጄ ኦዲል፣ ባሕር ማዶ ያለሽው ዓይኔ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽ በስልክ የምትልሽን ሁሉ አትስሚ።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ አገር ጎብኚ እንግዶቼን በብስክሌት ይዤ በወይኑ ማሳ መሀል ወጣሁ። አሮጌው ግንብ ወዳለባት መንደር የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ ሦስቴ አስቆምኳቸው። «ፎቶ አንሡ፣ አገር እዩ» አልኳቸው። ያ ነገረኛ ጎረቤታችን ቲየቦ ከማሳው ቀና ብሎ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ድሮ እኮ ይቺን ዳገት እየዘፈንክ ነበር የምትወጣት!» አለኝ። መልሱን የሰጠሁት ቁልቁል ስመለስ ነው።

ቤት እንደገባሁ ምድር ቤት ወርጄ፣ በተወለድሽበት ዓመት ጨምቄ ለሠርግሽ ያስቀመጥኩትን ወይን ከፈትኩት። እናትሽ፣ «ምን ነካህ? ልጅቷ ሳታገባ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ሁለት ብርጭቆ አመጣች።

ቆምጥጦ እንዳይሆን ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። አልቆመጠጠም፤ ማር ነው። ግማሹን መልሼ ከድኜልሻለሁ።

ሠርጌ ለከርሞ ነው ብለሻል፤ ይሁን፣ አልቸኩልም። ከተቻለሽ ግን ለዘንድሮው የወይን ለቀማ ብቅ በይ። የወይን ገበሬ ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ፤ የተከፈተ ወይን ሰው አይጠብቅም።

እስክንገናኝ ጠባቂሽ አይተኛ።

አባትሽ ማቲያስ