ማን እንደሚጮህ እንይ

ኦገስት 18

ሙቀቱ አናት ይበሳል። ተማሪ የለም፣ ግቢው ጭር ብሏል። ጠዋት አይብ ያለበት ትኩስ ባኒጻ ገዝቼ ገባሁ፤ ካሜን ግማሹን ወሰደብኝ። አለቃ ነኝ ብሎ ነው? በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ እኮ!

የዚህ ወር ሥራ፦ አሮጌውን የዋይፋይ አሠራር ከመላው ዩኒቨርሲቲ ማንሳት። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው። አንድ አሮጌ ዕቃ ቀስ እያለ ሲያወራ አዲሶቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል... ልክ እንደኛ ስብሰባ። ዝርዝሩ ላይ አርባ ሦስት ዕቃ አለ። ግማሹ የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

"ታዲያ በየሕንፃው ስትዞሪ ልትከርሚ ነው?" አለኝ ካሜን። "አጥፊውና ማን እንደሚጮህ እንይ።"

ሁሌም የምንሠራው እንደዚያ ነው። እስከዛሬ ችግር ገጥሞን አያውቅም።

ኦገስት 21

አጠፋሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያው ጩኸት። የአፈር ትምህርቱ ፕሮፌሰር ናቸው። "ላፕቶፔን ገደላችሁት!"

"ፕሮፌሰር፣ እሱ ከሞተ ቆይቷል፣ መርዶ ነጋሪ ጠፍቶ ነው" አልኳቸው። ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ምላሴን መቼ ነው የምቆጣጠረው?

ኦገስት 28

የቤተ መጻሕፍቱ ማተሚያዎች፣ የላም በረቱ ሚዛን፣ የፕሮፌሰሩ ጉድ... ሁሉም ተቀየረ። አርባ አንዱ አለቀ። ሁለት ቀሩ። ስማቸው ኤም አንድ እና ኤም ሁለት፣ ሌላ ምንም የለም። ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ባለፈው ኖቬምበር። ለሁሉም ክፍል ኢሜይል ላክሁ። መልስ የለም።

ዞሬ ልፈልጋቸው ይሆን? ጉልበቴ አሞኛል፣ ግቢው ደግሞ አያልቅም...

"ዘጠኝ ወር ትንፍሽ ያላለ ዕቃ ሞቷል፣ ቅበሪው" አለ ካሜን።

ሪፖርቱ ላይ ስለ ሁለቱ "የጮኸ የለም" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ሴፕቴምበር 15

ባይ ሉቤን መጡ። የወይን ትምህርት ክፍሉን ምድር ቤት ሠላሳ ሰባት ዓመት የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ከዲኑ እስከ አትክልተኛው እንደ ጋሼ አክብሮ "ባይ" ብሎ የማይጠራቸው የለም። ኢሜይል የሚባል ነገር አያውቁም። አንድ ባልዲ ወይን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ወረቀቴ ላይ ቁጭ።

"ራሊ፣ ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ብይ እንጂ!"

"ይሄን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል ባይ ሉቤን?"

"ያ ቀበቶው የጠበበው አለቃሽ።"

ካሜን ሰምቶ ቀላ። ሳቅን። አባቴ የሞተ ጊዜ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ባይ ሉቤን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ "ልጄ" ሲሉኝ አባቴ የጠራኝ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ጣቴ በወይኑ እንደተጣበቀ ዋለ።

ሴፕቴምበር 29

የወይኑ ጭማቂ መብላላት ጀምሯል፤ ሽታው እኛ ክፍል ድረስ ይመጣል። በምሳ ሰዓት ባይ ሉቤንን ምድር ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው። በሩ ላይ መብራት አለች። ታች ከሚብላላው ወይን የሚወጣው ጋዝ ሲበዛ ቀይ፣ ሲቀንስ አረንጓዴ። ጋዙ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው... ሰው ሳያውቀው ነው የሚጥለው። ድሮ ሻማ ለኩሰው ነበር የሚወርዱት፤ ሻማው ከጠፋ ሮጦ መውጣት ነው።

"አሁን ሁሉንም የምትነግረኝ እሷ ናት" አሉ መብራቷን መታ መታ አድርገው። "አምና በቀን ሦስት ጊዜ ትቀላብኝ ነበር። ዘንድሮ አንዴም! ጨዋ ወይን ነው።"

"እርስዎን ፈርቶ ነው" አልኳቸው።

ደስ አላቸው። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ለምን? እንጃ።

ኦክቶበር 2

ዛሬም አለቀቀኝም። "ዘንድሮ አንዴም"... ለምን ዘንድሮ?

ኦክቶበር 3

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት የድሮ መዝገቦችን ከፈትኩ። ኤም አንድና ኤም ሁለት አምና ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነበሩ። ካቻምናም። ከዚያ በፊትም። በወይን ሰሞን ብቻ! ሌላውን ጊዜ ተነቅለው ነው የሚቀመጡት። ኤም ማለት ማዜ። ምድር ቤትን በኛ አፍ ማዜ ነው የምንለው፤ የጋዝ መለኪያዎቹ ናቸው! እንዴት አይገባኝም?!

ለባይ ሉቤን ደወልኩ፣ አያነሱም። ሮጥኩ። መብራቷ አረንጓዴ። በሩ ክፍት። ባርኔጣቸው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። "ባይ ሉቤን!" ብዬ ጮህኩ። ምንም። ልወርድ ስል ጥበቃዋ ጊና ከኋላ ወገቤን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"አንቺም እዚያው ትቀሪያለሽ፣ እብድ!"

የነከስኳት ይመስለኛል። የእሳት አደጋ ሰዎች ጭምብል አድርገው አወጧቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ትንፋሽ አላቸው ተባለ።

መብራቷ ያን ሁሉ ጊዜ አረንጓዴ ነበረች።

ኦክቶበር 9

ነቅተዋል። ግራ እጃቸው ግን አይታዘዝም። የዩኒቨርሲቲው አጣሪ ኮሚቴ አልጋቸው ድረስ ሄዶ ጠይቋቸዋል። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ቀይ ሳትሆን አትቀርም፣ ዓይኔ ነው ያታለለኝ፣ አርጅቻለሁ።" ዲኑ የምድር ቤቱን ቁልፍ ወሰደባቸው።

ካሜን በሩን ዘጋና ቁጭ አለ። "መብራቷ ከታች መልእክት ካልደረሳት አረንጓዴ ሆና ነው የምትቀረው። ይሄን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ሽማግሌው እንደሆነ ራሱ አምኗል።"

"አምነዋል በል።"

"እሺ፣ አምነዋል። ታዲያ አንቺን ምን አስጨነቀሽ? ልጆች አሉሽ።"

ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። እንደ ደህና ሰው! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኦክቶበር 12

አሮጌውን ዋይፋይ ለምድር ቤቱ ብቻ መልሼ ከፈትኩት። በአርባ ሰከንድ ውስጥ መብራቷ ቀላች።

ኦክቶበር 14

ጠዋት ለኮሚቴው ሁሉንም ጻፍኩ፣ በፊርማዬ። ካሜን አያናግረኝም። ገደል ይግባ።

ከዚያ ሆስፒታል። ጥቂት ወይን ይዤላቸው ነበር። አልጋቸው አጠገብ አስቀመጥኩና ሳልቀመጥ ነገርኳቸው።

"ባይ ሉቤን፣ መብራቷ አረንጓዴ ነበረች። እኔም አይቻታለሁ። ከታች የሚመጣላትን መልእክት የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ኦገስት ላይ። የማን እንደሆነ ወርጄ ሳልጠይቅ።"

በደህናው እጃቸው የዓይናቸውን ሽፋን ዳሰሱ።

"እንግዲያው ዓይኔ ደህና ነው።"

"ደህና ነው። ቁልፉንም ይመልሱልዎታል።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ኮቴን ለበስኩ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። ራሊ አላሉኝም። ልጄም አላሉኝም።

"ኢንጂነር" አሉኝ። "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ወይኑን ግን ይዘውት ይሂዱ።"