ሕዝቡ ሰላም ስላለን ፌርማታው ይነሣ

ለክቡር ዶክተር ዘክሪያ አል-ደምንሁሪ
የከተማ መጓጓዣ ዕቅድ መምሪያ ኃላፊ
ካይሮ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ የወገብ ሕመምዎ ቀለል ብሎልዎ፣ የመኪናዎ ማቀዝቀዣም እንደ ወትሮው ደኅና እየሠራ እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በመምሪያዎ በኮንትራት የተቀጠርኩት ነሽዋ አብደል-መውላ ነኝ። ስሜን ካላስታወሱት፣ ባልደረቦቼ ፊት «ያቺ አውቶቡስ የምትወደው ልጅ» እያሉ የሚጠሩት እኔን ነው።

ቋሚ ሠራተኛ ስለመሆኔ ላቀረቡልኝ ሐሳብ መልሴን ቢሮዎ ገብቼ ብነግርዎ ወግ ነበር። ነገር ግን ክቡርነትዎ ለሕዝብ ያለዎትን ፍቅር በአደባባይ የሚገልጹ ሰው ስለሆኑ፣ እኔም በአደባባይ ብመልስ ይመጥንዎታል ብዬ አሰብኩ። ከመልሱ በፊት ግን ያልተከፈለ የምስጋና ዕዳ አለብኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጥር ቃለ መጠይቁ አመሰግናለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የከተማ መጓጓዣ ዕቅድ ስማር፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያሰበበት የሚደርሰው እንዴት ነው ከሚለው ጥያቄ ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረም። እርስዎ ግን «መኪና መንዳት ትችያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አልችልም ስልዎ፣ «ታዲያ ስለ መጓጓዣ ምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ዕድሜዬን ሁሉ በማይክሮባስ ስመላለስ ስለ መጓጓዣ የማውቅበት አጋጣሚ አላገኘሁም። የዶክትሬት ትምህርትዎ በዶሮ እርባታ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ማይክሮባስ ስንት ሰው ይይዛል በሚለው ላይ ያለዎት አስተያየት አያስገርመኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፌርማታዎቹ የመስክ ጥናት። «የመምሪያው ሰው ማይክሮባስ ላይ ተንጠልጥሎ ቢታይ ሕዝቡ ምን ይለናል?» ብለው ጥናቱን ከመኪናዎ ሳንወርድ እንድናካሂድ በማድረግዎ ከአቧራውም ከፀሐዩም ተርፈናል። በኢዝበት ሻሂን ሰፈር በኩል ስናልፍ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ፌርማታው ላይ ቆሞ መኪና ይጠብቅ ነበር። የካይሮ ሰው በዚያ ሁሉ ጥሩምባ መካከል ጉሮሮውን አያደክምም፤ መድረሻውን ለሾፌሩ የሚነግረው በእጁ ነው። ሰባተኛው ሰፈር የሚሄድ፣ በዐረብኛ ሰባት ቁጥርን የምንጽፈው እንደዚያ ነውና፣ ሁለት ጣቱን ከፈት አድርጎ ያሳያል። አደባባዩን ዞሮ መመለስ የፈለገ ደግሞ ጣቱን ቁልቁል አድርጎ ያሽከረክራል። ይህን የማያውቅ ጡት ያልጣለ ሕፃን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ክቡርነትዎ ግን መስታወቱን ዝቅ አድርገው ለሁለቱ ጣት የድል ምልክት መለሱ። ጣቱን ለሚያሽከረክረው ደግሞ «ዞራችሁ ኑ እያሉን ነው፤ እንመጣለን፣ እንመጣለን» አሉት። አንድ ሰውዬ የቆምንለት መስሎት እየሮጠ መጥቶ በሩን ሲይዝ፣ እጁን ጨብጠው «አላህ ይጠብቅህ» ብለው መረቁት። ሰውየው «ባሻዬ፣ ሰባተኛው ሰፈር ትደርሳላችሁ ወይ?» እያለ ከኋላችን ቀረ።

እኔ ነገሩ ቢጨንቀኝ «ክቡር ዶክተር፣ ሰላምታ እኮ አይደለም፤ መኪና አጥተው ነው» ብዬ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ሕዝቡ ሲወደን ለምን ቅር ይልሻል?» አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ከጥናቱ ስለወጣው ውሳኔ። የኢዝበት ሻሂን ነዋሪ በአገልግሎቱ የረካ መሆኑ ከሞቀ አቀባበሉ ታይቷል ተብሎ ስለተጻፈ፣ የረካ ሰው ፌርማታ ምን ያደርግለታል ተባለና ፌርማታው እንዲነሣ፣ የመንገዱም ዳር በብረት አጥር እንዲዘጋ ተወሰነ። በባለ ቪላዎቹ ሰፈር ስናልፍ ግን እጁን ያነሣልን አንድም ሰው አልነበረም። እዚያ ሕዝቡ አኩርፏል ተባለ፤ ማካካሻ እንዲሆነውም ጥላና መቀመጫ ያለው አዲስ ፌርማታ ተፈቀደለት። ደጃፉ ላይ ሁለት ሦስት መኪና ያላቆመ ቤት በሌለበት ሰፈር ተሳፋሪ መጠበቅ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አራተኛውን ምስጋና እንደ ላይኞቹ አሳምሬ ማቅረብ ስላቃተኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ኢዝበት ሻሂን ያደግሁበት ሰፈር ነው፤ እናቴ አሁንም እዚያ ትኖራለች። ጉልበቷን ታማ ወደ ሐኪም የምትመላለሰው ከዚያ ፌርማታ ተሳፍራ ነው። አጥሩ ከተተከለ የሚቀራት ደረጃው የበዛውን የእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ ሌላ ፌርማታ ድረስ በእግር መሄድ ነው፤ እሷ ደግሞ የቤቷን ደረጃ እንኳ ግድግዳ ይዛ ነው የምትወጣው። ጥናቱን ከፈረምኩ ቋሚ እንደምሆን፣ ካልፈረምኩ ኮንትራቴ እንደማይታደስ የነገሩኝ ዕለት ሄጄ አማከርኳት። በሐሳብ ከክቡርነትዎ ጋር ስለተስማማች ቢሰሙት ደስ ይልዎታል። «የመንግሥት ሥራ ካመለጠሽ ደጁ ያለው አፈር ላይም ቢሆን ተንከባለይ ሲባል አልሰማሽም? እኔ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ፤ አንቺ ብቻ ፈርሚ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ።

ፊቷ ላለማልቀስ ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁና ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህን ሙያ ከልጅነቴ ጀምሬ ስመኘው ኖሬያለሁ፤ ቋሚ ቅጥሩንም እጅግ እፈልገው ነበር። የተማርኩት ግን እናቴን በእግሯ ለማስኬድ አይደለም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አልፈርምም። ጠረጴዛዬን ለቅቄያለሁ፤ ቁልፉን ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ።

ሕዝቡን በዓይንዎ ሳይሆን በመኪናዎ መስታወት ለሚያዩት፣ መንገዱንም ሳይረግጡት ለሚያቅዱት ለክቡርነትዎ ያለኝን ከዚህ በላይ ሊጨምር የማይችል አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከእግረኛው መንገድ ዳር እሰናበትዎታለሁ።

ነሽዋ አብደል-መውላ
የከተማ መጓጓዣ ዕቅድ ባለሙያ፣ ለጊዜው ሥራ ፈት

ማስታወሻ፦ በመምሪያው ደንብ መሠረት የሙያው ምሩቅ ያልፈረመበት ጥናት ሥራ ላይ አይውልም፤ በመምሪያው የነበርኩት የሙያው ምሩቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። በምትኬ ከዘንድሮ ተመራቂዎች አንዱን ለመቅጠር ማሰብዎን ስለሰማሁ፣ ላግዝዎ ብዬ ትናንት ፋኩልቲው ድረስ ሄጄ ጥናቱን አስነበብኳቸው። የሚፈርም አላገኘሁልዎትም። ሁሉም ትምህርት ቤት የሚመጡት በማይክሮባስ ነው።