ሳትነግረኝ የሰረዝከው ዝውውር

ጌትዬ፣

ከተለያየን አሥራ አራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ድንኳኑ ጠባብ ነበር እንጂ ሰው አላነሰህም፤ ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ክሊኒክ አብረውህ መኪና ይነዱ የነበሩት በሙሉ መጡ፣ ከድባጤ ተፈናቅለው በየቦታው የተበተኑት ዘመዶቻችንም ተጠራርተው ደረሱ። እኔም ጥቁሬን አወለቅሁ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ወረቀት ባነሳሁ ቁጥር የሚወጣኝ ስድብ እየሆነ ስላስቸገረኝ ነው። አሁንም ጨዋ ደብዳቤ ይሆናል ብዬ አልምልልህም።

የቤቱን ላስቀድም። ሜሮን አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። በቁመት በልጣኛለች። ስትቆጣ እንዳንተ ዝም ትላለች፤ ይህን ግን አልወደድኩላትም፣ “ተናገሪው፣ የሆድሽን አውጪው” እያልኩ እጨቀጭቃታለሁ። ልብስህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፣ ካፖርትህን ብቻ አስቀረሁ። ሶፋውንና አልጋውን ሸጥን። አሁን የምጽፍልህ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ፣ ሻንጣ ተደግፌ ነው። ሐሙስ ከአሶሳ እንወጣለን። ወዴት እንደሆነ ትገምታለህ። እንዴት እንደሆነ ግን ልንገርህ።

ድባጤ ቤታችን የተቃጠለ ጊዜ እኛ ወደ አሶሳ፣ እህቴ እታፈራሁ ደግሞ ከባሏ ጋር ወደ አገሩ ወደ ሶዶ ሄደች። እታፈራሁ ለእኔ ምን እንደነበረች ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እናታችን ስትሞት ትምህርቷን ጥላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ መምህርት የሆንኩት እሷ ስላልሆነች ነው። ስለዚህ አሶሳ ገብተን ትንሽ እንደተረጋጋን “ወደ ደቡብ እንዛወር” ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተም “ጥሩ ሐሳብ ነው” አልክ። በቃ፣ እንዲህ ነው ያልከው። ሌላ ነገር ብለህ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት ከሸርቆሌ በመጣህ ቁጥር ጨዋታችን ከተማ ማወዳደር ሆነ። ሐዋሳን አነሳሁ፤ ሐይቋን፣ ሜዳማ መንገዷን፣ ለሜሮን የሚሆነውን ትምህርት ቤት። አንተ “ኪራይዋ አዲስ አበባን ያስንቃል” አልክ። ዲላን አነሳሁ፤ “ዝናቧ ልብስ አያደርቅም” አልክ። ሶዶን ሳነሳማ ጉልበትህን ያዝክ፦ “ዳገቷ ይጨርሰኛል። ብርዷስ? እኛ የቆላ ሰዎች አይደለንም እንዴ?” አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ሙቀቱና ወባው አስጨነቀህ። “አሶሳ በረዶ ይዘንባል እንዴ? እዚህስ ወባ መቼ ለቆን ያውቃል?” ብዬ ሳቅሁብህ፤ አንተም ሳቅህ። ሜሮን አራቱን ከተሞች በደብተሯ ጽፋ ነጥብ ትሰጥ ነበር። ያ ሁሉ ክርክር ጥንቃቄህ ነበር የሚመስለኝ። እንዲያውም “ባሌ ቤተሰቡን እንዲሁ ሜዳ ላይ የሚጥል አይደለም” እያልኩ እኮራብህ ነበር።

በመጨረሻ አርባ ምንጭን ራስህ መረጥካት። “ለእታፈራሁ ቅርብ ነው፣ እኛም ዓሣ እንበላለን” አልክ። ማመልከቻውን ሞላሁ። ክፍል ጥዬ ጽሕፈት ቤት ለጽሕፈት ቤት መመላለስ እንደማልችል ስነግርህ “ውክልና ስጪኝ፣ ወረቀቱን እኔ እከታተላለሁ” አልከኝ። ውልና ማስረጃ አብረን ሄደን ፈረምኩልህ። ስንወጣ ለስላሳ ጋበዝከኝ።

ከዚያ በኋላ “ምን አሉ?” ስልህ “ገና ነው” ሆነ መልስህ። አንድ ጊዜ የሚፈርሙት ሰው ስብሰባ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ተቀባዩ ክልል አልመለሰም፣ ሌላ ጊዜ ኔትወርክ የለም። እኔም መንግሥትን አማሁ፤ ያላማሁት ባለሥልጣን የለም።

እታፈራሁ ጡቷን የታመመችው በዚህ መሐል ነው። በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር። “መቼ ነው የምትመጪው?” ትላለች።

“ወረቀቱ እንደደረሰ።”

“ለወረቀቱ ንገሪያ፣ እኔ ጊዜ የለኝም በይው” ትለኝና ትስቃለች። ይህን ስትል ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ብርቱካን ትልጥ ነበር።

ፈቃድ ጠይቄ አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ብቻ አየኋት። ከዚያ ሞቷን ሰማን። መንገዱ አስቸግሮን ለቀብሯ አልደረስንም፤ የገባነው በሠልስቷ ነው። መኪና ውስጥ ራሴን ደረትህ ላይ አስጠግተህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? “ምነው ያ ወረቀት ቀደም ብሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮ” አልክ። እንባህ ጸጉሬ ላይ ወርዷል። እኔም በራሴ ኀዘን ላይ አንተን አጽናናሁ፤ “ያንተ ጥፋት አይደለም” አልኩህ።

ቀጥሎ አንተ ታመምክ። አርባ ቀን ተኛህ። ኩላሊትህ እምቢ ባለበት በዚያ ጊዜ ሁሉ አእምሮህ ደህና ነበር፤ የሐኪሞቹን ስም፣ የሜሮንን የፈተና ቀን፣ የጎማ ዋጋ ሳይቀር ታስታውስ ነበር። እኔ አልጋህ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ “ስትድን አርባ ምንጭ እንገባለን፣ ሁለቱን ሐይቆች ከላይ ሆነን እናያለን” እልህ ነበር። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ እጄን ትጨብጣለህ። ፍቅር መስሎኝ ነበር። አሁን ምን እንደነበር አላውቅም። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፦ ያን እጄን መጨበጥህን እንኳ ከእንግዲህ አላምነውም።

ካረፍክ በሦስተኛው ወር ወረቀቴ ከምን እንደደረሰ ልጠይቅ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ እድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ፋይሉን አገላብጠው ቀና ብለው አዩኝ።

“መምህርት፣ እርስዎ እኮ ሰርዘውታል።”

“ሌላ ሰው ይሆናል” አልኳቸው።

“አይደለም። አርባ ምንጭ ተቀብሎዎት ደብዳቤው መጥቶ ነበር። ባለቤትዎ በውክልና አመልክተው አስቀሩት። ይኸው።”

የእጅ ጽሑፍህን ለማወቅ ማንም አላስፈለገኝም። “በግል ምክንያት ሐሳቤን የቀየርኩ ስለሆነ” ይላል። ሐሳቤን! በእኔ ስም፣ በእኔ አፍ ተናግረሃል። ቀኑን አየሁት። እታፈራሁ ከመሞቷ ከስምንት ወር በፊት ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከእህቴ የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሆኜ ላስታምማት እችል ነበር። ሴትየዋ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ውኃ አመጡልኝ። “አያውቁም ነበር እንዴ?” አሉኝ በቀስታ። ባሌ የዋሸኝ ሴት መሆኔን ለማያውቁኝ ሰው መናገር አፈርኩ።

ጓደኛህን አስማማውን ጠርቼ ጠየቅሁት። ምስኪን፣ ፊቱ ተለዋወጠ። “የምታውቂ መስሎኝ!” አለ። “ክሊኒክ እኮ ሁላችንም እናውቃለን። ‘ከድባጤ ወጥቼ አሶሳ ደረስኩ፤ ከዚህ ደግሞ ደቡብ ድረስ ከሄድኩ አገሬን ዳግም አላያትም። ስደተኛ በየቀኑ አመላልሳለሁ፣ እኔ ሁለተኛ ስደተኛ አልሆንም’ ይል ነበር።”

ሁላቸውም ያውቃሉ፣ ጌታነህ። ሙት ዓመትህ ላይ እጄን ጨብጠው “እግዜር ያጽናሽ” ያሉኝ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁ ነበር። የማላውቀው እኔና ልጅህ ብቻ ነበርን፣ ደብተር ይዘን ለከተማ ነጥብ የምንሰጠው።

ለመሆኑ ይህንኑ ለእኔ መንገር ምን ይከብድ ነበር? አገር መናፈቅ ነውር ነው? ድባጤ እኮ የእኔም አገር ናት፤ የእናቴ መቃብር እዚያ ነው። “አልሄድም” ብትለኝ እጣላህ ነበር፤ አንድ ሳምንት አኮርፍህ ነበር። ከዚያ ወይ አንተን አሳምን፣ ወይ እኔ ለብቻዬ እህቴን ላስታምም እሄድና እመለስ ነበር። አንተ ግን እምቢታን ፈርተህ እሺታህን ሰጠኸኝ። መቅረትህን አይደለም የጠላሁት። እያንዳንዷን ቅዳሜ ነው የወሰድክብኝ።

በትምህርት ቤት ይህን የነገርኩት ለሀዋ ብቻ ነው፣ ለበርታ ተወላጇ ጓደኛዬ። አማርኛዋን ታውቀዋለህ፣ ወንዱንና ሴቱን ታደባልቃለች፣ እኔም ሁልጊዜ አርማታለሁ። ብዙ ከሰማችኝ በኋላ “ጌታነህ መጥፎ አይደለም። ፈርቷል። የፈራ ሰው ይዋሻል። እሱን አላህ ይጠይቀዋል። አንቺ ግን ሂድ” አለችኝ። ያን ቀን አላረምኳትም።

ክረምት ዕረፍት ላይ ሜሮንን ይዤ ከተሞቹን በዓይኔ ለማየት ሄድኩ። ሐዋሳ ቆንጆ ናት፣ አትዋሽም። በጠዋት ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ወርደን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ሲንጎማለሉ ሜሮን እየሳቀች አየቻቸው። ኪራዩ ላይ ግን እውነትህን ነበር፤ ደላላው የነገረኝን ሰምቼ አመስግኜው ወጣሁ። ዲላ አንድ ቀን ብቻ አደርን። ዘነበ። ልብሳችን በማግስቱ ደረቀ።

አርባ ምንጭ ስንደርስ ከባድ ሆነብኝ። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ሆነን ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ አንዱ የጭቃ መልክ አለው፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ሙቀቱ የአሶሳ ዓይነት ነው፣ መንገድ ዳር የሚሸጠው ማንጎም እንደዚያው። ምንም የሚያስፈራ ነገር የላትም። አንድ ቀን ሳትረግጣት ስም ያጠፋህባት ከተማ ናት። ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወርደን አንድ ምግብ ቤት ዓሣ አዘዝን፤ ሜሮን ሁለት ጎርሳ ተወችው። “እማ፣ እዚህ አልኖርም። እዚህ ሁልጊዜ አባ ሊመጣ ነው የሚመስለኝ” አለች። እኔም እንደዚያው ተሰምቶኝ ነበር። ክፉኛ አለቀስን፣ ከዚያ ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

ሶዶ ላይ ጠዋት ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጉም ይለብሳል። ዳገቱ እውነት ነው፣ ብርዱም እውነት ነው፤ ካፖርትህን ያስቀረሁት ለዚያ ነው። የእታፈራሁ ባል አላገባም። ሁለቱ ልጆቿ እኔን ሲያዩ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ሳቄ የእሷ ነው አሉኝ። ትንሿ ስንመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታን እጄን አልለቅም አለች። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። አዲስ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በራሴ እግር ተመላለስኩ፤ የቀረብኝ ክፍል ይቅር ብዬ ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ተከታተልኩት። ተቀበሉኝ። ያ አንተ “ገና ነው” የምትለው ነገር በአራት ወር አለቀ።

ለሜሮን ሁሉንም ነግሬያታለሁ። መደበቅ ዳዳኝ፣ የአባት ክብር ነው ብዬ። በኋላ ግን ውሸት በዚህ ቤት በቃው አልኩ። በአራተኛው ቀን መቃብርህ ሄዳ ብዙ ቆይታ መጣች፤ ምን እንዳለችህ አልጠየቅኋትም።

መቃብርህን ሀዋ ታየዋለች፤ ሣር ሲበዛበት ልጆቿን ይዛ እንደምታጸዳው ነግራኛለች። አንተ ከዚህ መራቅ አልፈለግህም፣ አልራቅህምም። እኔ በየዓመቱ እመጣለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ መንገዱም እንደምታውቀው ነው። ግን አስታውስሃለሁ፣ ጌትዬ። ለድባጤ ልጆች መኪና አቁመህ ትጭን የነበርከውን አንተን፣ ያን ማመልከቻ የጻፍከውንም አንተን፤ አንዱን መርጬ ሌላውን አልቀብርም።

ያረፍክበት ቀን በደረሰ ቁጥር ሶዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እዚያ አንተን የሚያውቅ ሰው የለም። ክርስትና ስምህን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለቄሱ እሰጣቸዋለሁ፣ በጸሎት እንዲያነሱህ። ይቅር ማለቴ ገና ነው፤ ጸሎቱ ግን ይቅደም።

ባለቤትህ፣ አለምነሽ