በዛፋችን ላይ የተሰቀለው ቀፎ

ልጄ ጎንፋ፣ የአባትህ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ፤ የአሜሪካ ብርድ አይድፈርህ። እኛ በሁሩሙ አለን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ደብዳቤህን እህትህ ዲንቄ አነበበችልኝ። እኔ እናትህ ሳልወለድ አሜሪካኖች ስፔኖችን ከፊሊፒንስ ደሴቶች ያባረሩት ለአገሬው ሰው አዝነው ነው፣ እዚያው የቀሩትም ሊያስተምሩት ነው ይላል የትምህርት መጽሐፌ ብለህ ጽፈሃል። እዚህ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሰቀለ ሰው የዛፉ ጌታ እንደሚሆን ረሳኸው እንዴ?

አንተ እንደሄድክ አጎትህ ኩምሳ፣ «የማር ሌቦቹን ላባርርልዎት» ብሎ ጫካችን ገባ። እውነት ለመናገር አባረራቸው፤ እኔም መረቅሁት። ከዚያ «ጠባቂ እንዳለው ይታወቅ» ብሎ በአባትህ ዛፍ ላይ የራሱን ቀፎ ሰቀለ። ዘንድሮ ማር ላስቆርጥ ሰው ይዤ ብሄድ፣ «እትዬ፣ ማንን አስፈቅደው ገቡ?» አለኝ። አክብሮቱ አልጎደለም!

እመቤቴ ከክፉ ትሰውርህ፤ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። አሜሪካኖቹ እዚያው ሲቀሩ የደሴቶቹ ሰዎች ምን እንዳሉ መጽሐፍህ ውስጥ ፈልግልኝ። ካገኘህ ጻፍልኝ፣ ስለ ዛፉ ከአጎትህ ጋር ሽማግሌዎች ፊት ስንቀርብ የምናገረው ጠፍቶኛል። ካጣህ ግን መጽሐፉን የጻፈው እንደ አጎትህ ያለ ሰው ነው።

እናትህ በየነች